ፋዘር፣ ይገጥማል!

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ የማይሸጥ ነገር ካለ አሳዩኝ። የውሻ ሻምፑ ይሸጣል። ለአራት ወር ሕፃን የሚሆን ክራባት ይሸጣል። ብርሃኑ ሳይሆን ሽታው የሚፈለግ ሻማ ይሸጣል፤ በጠራራ ፀሐይ የሚያበሩት ሰዎችም አሉ። ጎማማ ሞልቶ ተርፏል። ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማይነቃነቅ፣ ቢያቆሙት ወገቤን አልፎ የሚሄድ ጎማ በየደጁ ተደርድሯል። ለእኔ ቮልስ የሚሆን አራት ጎማ ግን የለም። "የለም" ብለው ቢያሰናብቱኝ እንኳ ደግ ነበር። እነሱ የሚሉኝ "ፋዘር፣ ይገጥማል!" ነው።

ፋዘር! አባባ ምን በደለ? ጋሼስ? ይሁን፣ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ የዛሬው ምሬቴ ጎማ ነው።

ቮልሴ የ1969 ሞዴል ናት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣ ማስቀመጫዋ ከፊት። ራዲያተር የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። ቸርኬዋ ባለ አምስት ቡሎን ነው። ነዳጅ በኩፖን በሚቀዳበት በደርግ ጊዜ አብራኝ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ባለሥልጣን፣ ስንት የመኪና ዓይነት መጥቶ ሲሄድ እሷ አለች። እህቶቿ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሲሠሩ ቆይተው በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። እስቲ በአራት አባዙት። ተጠባባቂውን ሳልቆጥር ከ80 ሚሊዮን ጎማ በላይ ዓለም ላይ ተሽከርክሯል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ለእኔ አራት ጠፋ!

መንገድ ላይ የማይወዳት የለም። ሙሽሮች ለሠርጋችን አውሱን ይሉኛል። ልጃገረዶች ኮፈኗ ላይ ተደግፈው ፎቶ ይነሣሉ። ታዲያ ከዚህ ሁሉ አፍቃሪ መካከል ጎንበስ ብሎ እግሯን ያየላት አንድም ሰው አልነበረም፤ ለዓመታዊ ምርመራ ስወስዳት ያየው መርማሪው ነው። ደግ ልጅ ነው። የኋላውን ጎማ በጣቱ ዳሰስ አደረገና "አባቴ፣ ይሄ እኮ ራሰ በራ ሆኗል" አለኝ። ቀና ሲል ባርኔጣዬን አውልቄ ላቤን እየጠረግሁ ነበርና ዓይኑ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን በሹክሹክታ ነው የነገረኝ።

እንግዲህ ስለ ቁጥሩ ልንገራችሁ፤ ጎማ ሻጮቹ ስለማያዳምጡኝ እናንተ ስሙኝ። ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ያደረገችው 5.60-15 የሚባለውን ጎማ ነው፤ ክሮቹ አግድም እየተጠላለፉ የሚሄዱበትን የድሮውን ዓይነት። ሚሽላን በ1946 እ.ኤ.አ. መብቱን ያስመዘገበበት ራዲያል ደግሞ ክሮቹ ከአንዱ የጎማ ከንፈር ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የሚሻገሩበት፣ ከጥርሱ ሥር የብረት ቀበቶ የታጠቀ ነው። እሱ ዓለምን ሲሞላ የቮልስ ልክ 165 ራዲያል 15 ሆነ፤ ዛሬ ጎኑ ላይ 165/80 አር 15 ተብሎ ይታተማል። 165 ወርዱ ነው፣ በሚሊሜትር። 80 የጎኑ ከፍታ ነው፣ ከወርዱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ። 15 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ወርዱ በሚሊሜትር፣ ቸርኬው በኢንች! ይህን ያደባለቀው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ ሁለት ቃል የምለው ነበረኝ። ብቻ ተደምሮ ተባዝቶ ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 645 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

22 አካባቢ ያገኘሁት ልጅ ቁጥሬን ሰምቶ ሳይጨርስ ወደ ውስጥ ገብቶ 195/65 አር 15 እያንከባለለ መጣ። "ፋዘር፣ ይገጥማል! ኮሮላው ሁሉ በዚህ አይደል እንዴ የሚሄደው?" ኮሮላ አለኝ አልኩህ? እርግጥ ቁመቱ ብዙም አይርቅም፣ 634 ነው። ነገር ግን የቮልሴ ቸርኬ ወርዱ 4 ኢንች ብቻ ሲሆን ይህ ጎማ ቢያንስ 5 ኢንች ተኩል ይፈልጋል። በግድ ከገባ ጎኑ ይወጠራል፣ መሬት የሚይዘው መሐሉ ብቻ ይሆናል፣ ኩርባ ላይ መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች። መሪዋም ኃይል ሰጪ የሌለው፣ በክንድ ብቻ የሚዞር ነው፤ ጎማው በሰፋ ቁጥር ክንዴ ያልቃል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። "ንፋስ ስንጨምርበት ይስተካከላል" አለኝ። ነገር በንፋስ የሚስተካከል ቢሆንማ የዚህች አገር ችግር በስብሰባ ብቻ ባለቀ ነበር።

ገርጂ ያለው ደግሞ 185/60 አር 15 አቀረበልኝ፤ የቪትዝ ወንድሞች የሚያደርጉትን። እሱ ቁመቱ 603 ነው። እንግዲህ ከ645 ቀንሱ። የቮልስ ፍጥነት መለኪያ የሚዞረው ከፊት ለፊት ግራ ጎማ በሚመጣ ሽቦ ነው፤ ጎማው ካጠረ ብዙ ይዞርና መለኪያው ይዋሻል። እሱ 60 ሲል እውነቱ 56 ነው። እኔ ደግሞ ለውሸት የሚተርፍ ፍጥነት የለኝም። ሞተሯ ባሕር ዳርቻ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት አላት ይባላል፤ ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ከፈረሶቹ አምስተኛው ያህል ጅቡቲ ቀርቷል።

ልጁ ይህን አልሰማም። ጎማው ጎን ላይ ያለችውን "ቪ" የምትል ፊደል በኩራት አሳየኝ። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው፣ አለኝ፤ አልዋሸም። የት ልነዳው ግን? አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቦሌ ብራስ መገናኛ? ቮልሴ ቁልቁለት፣ የጀርባ ንፋስና ጸሎት ተጨምሮላት 120 ትደርስ ይሆናል። ከ240ው የተረፈው 120 ለማን እንዲሆን ነው የምከፍለው?

ሦስተኛው የሚኒባስ ጎማ ነው ያመጣልኝ፣ 195 አር 15 ባለ "ሲ"። "ይሄ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ፋዘር።" አልጠራጠርም። አሥራ ምናምን ሰው ከነዘንቢሉና ከነዶሮው ጭኖ እንዲሮጥ የተሠራ ጎማ፣ ጎኑ ድንጋይ ነው፤ ስምንት መቶ ኪሎ ብቻ የምትመዝን ቮልስ ከነባለቤቷ ብትጭነው አይሰማውም። በኮብልስቶን ላይ በዚያ ጎማ የሄድኩ ቀን ሰው ሠራሽ ጥርሴን ከመኪናዋ ወለል ላይ ነው የምለቅመው።

ከሁሉ ግን የሚበልጠውን ልንገራችሁ። አንዱ ሱቅ ውስጥ ቁጥሩ ትክክል የሆነ ጎማ አገኘሁ። 165/80 አር 15፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጎማ የተሠራበት ጊዜ ጎኑ ላይ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ የፊተኞቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ያመለክታሉ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፤ 2316 ይላል።

"የ16 ነው እኮ ልጄ" አልኩት።

"አዎ ፋዘር፣ የ2016 ነው። ትኩስ ነው!"

"በማን አቆጣጠር?"

"በኛ ነዋ!"

ዓለም ላይ ያለው የጎማ ፋብሪካ ሁሉ ዘመን የሚቆጥረው ባሕረ ሐሳብ እየገለጠ መስሎታል! ሻንጋይ ላይ መስከረም አንድ ቀን አደይ አበባ ቀጥፈው፣ "እንቁጣጣሽ" ተባብለው፣ ከዚያ ማሽኑን የሚያስነሡ መስሎታል። የፈረንጅ 2016 ማለት እኮ የእኛ 2008 ነው፤ ያ ጎማ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ስንት መንግሥታዊ መመሪያ አሳልፏል። ጎማ ደግሞ ሳይሄድም ያረጃል። ፀሐይና አየር ዘይቱን ይመጥጡታል፣ ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አንድ ቀን በፍጥነት ላይ ሳለ ይፈነዳል። አሥር ዓመት የሞላው ጎማ መልኩ ምንም ቢያምር አይገባም፤ ከስድስት ዓመት በኋላም በየጊዜው ይታያል። ልጁ ግን ቅባት አስነክቶት ስለነበር መልኩ ከእኔ ጫማ በላይ ያበራል። ቁጥሩ ሦስት አኃዝ ብቻ የሆነ ጎማ ካያችሁማ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና ለሻጩ ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ።

ያገለገለ ጎማ የሚሸጡም አሉ። እነሱ ዘንድ ቀለም የተቀባ አለ፣ ያለቀ ጥርሱ በቢላዋ እንደገና የተቀረጸለትም አለ። በእኛ ጊዜ ጎማ ሲያልቅ በረባሶ ይሆናል፣ ምናለሽ ተራ ይገባል፣ ሰው ተጫምቶት አገር ያቋርጣል። የጡረታ ቦታውን ያውቅ ነበር። አሁን ሟቹን ገንዘው መልሰው ለመንገድ ይሸጡታል።

ዘመድስ ቢሆን? የእህቴ ልጅ ሳሚት ነው የሚኖረው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እሱም ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ያውም ቮልስዋገን! አይዲ ፎር ትባላለች፤ የእኔዋ የልጅ ልጅ መሆኗ ነው። ድምፅ የላትም፣ ከኋላዬ መጥታ ሁለት ጊዜ አስደንግጣኛለች። ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ትመዝናለች፣ ቸርኬዋ 20 ኢንች ነው፣ የፊቷና የኋላዋ ጎማ ወርዱ እንኳ አይመሳሰልም። "ጋሼ፣ ይቺን ለሙዚየም ስጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ" ይለኛል በየእሑዱ። አንድ እሑድ ግን ዝም ብሎ መጣ። ባለቤቴ ታሟል ብላ ዳማከሴ ልትጨምቅለት ተነሣች። ጎማ ጠይቆ ነው የመጣው! ክብደቷና ስትነሣ ያላት ጉልበት ጎማውን ቶሎ ልጦት፣ ዋጋ ቢጠይቅ የእኔን የስንት ወር ጡረታ ነገሩት። ደስ አላለኝም፣ የእህቴ ልጅ ነው። ቡናውን ግን በጣም ጣፈጠኝ።

ከዚያ ወደ ልጄ ደወልኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለችው። አሜሪካኖች መቼም ለአሮጌ ነገር ፍቅር አላቸው፤ ቴኔሲ ውስጥ ኮከር የሚባል ኩባንያ የድሮውን 5.60-15 ዙሪያው ነጭ የሆነውን ሳይቀር እየሠራ ይሸጣል። "አባዬ፣ ቫይታሚን ላምጣልህ?" ስትለኝ "ጎማ አምጪልኝ" አልኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

እኔ ግን አስቤበታለሁ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው 23 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ ጎማው ስምንት ኪሎ ቢሆን ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው። ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የራዲያሉን ልክ ይዤ ብደምር አንዱ ጎማ 145 ከግማሽ ሆነ፤ አለፈ! ሁለቱን አንድ ላይ ደርቤ ባሰላው 162 ሆነ፤ በአራት ሳንቲ ሜትር ወደቅሁ። ስለዚህ ሁለት ሻንጣ ማለት ሁለት ጎማ ማለት ነው፣ ሌላው ሁለት በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። "የአክስቶቼን ልብስና ጫማስ በምን ላምጣው?" አለችኝ። ጎማው መሐሉ ክፍት አይደል፣ እዚያ ጠቅልለሽ ክተቺው አልኳት። ለፋሲካ አመጣለሁ አለች። ፋሲካ አለፈ። ለመስቀል ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ!

መኪና ወደዚህ አገር በ1900 ዓ.ም. ሲገባ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስረከበው። መንገድ አልነበረም። ጎሚስታ አልነበረም። ግን ያ ሰው አንድ ነገር ተርፎለታል፤ አዋሽ በረሃ ላይ "ፋዘር፣ ይገጥማል" የሚለው አልነበረም። ኋላማ አገሪቱ ራሷ ጎማ ሠሪ ሆና ነበር፤ በ1960ዎቹ የተቋቋመው የአዲስ ጎማ ፋብሪካ ስሙ በየጎማው ጎን ላይ ታትሞ ሲዞር አይተናል። የከተማ ሰው ጎማውን ያውቅ ነበር። አሁን አሽከርካሪውን "ጎማህ ስንት ቁጥር ነው?" ብትሉት ስልኩን አውጥቶ ስልኩን ይጠይቃል።

መጨረሻ ላይ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ቦሌ ላይ ብርጭቆ በብርጭቆ የሆነ ሱቅ ውስጥ ያጣሁትን፣ መርካቶ ውስጥ ሰው ጎኑን አዙሮ በማያልፍበት ጠባብ ሱቅ አገኘሁት። ሻጩ እኩያዬ ነው። ቁጥሬን ስነግረው አልተነሣም። "ባለ አምስት ቡሎን ናት ባለ አራት?" አለኝ። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ለጎማው ምንም ለውጥ የለውም፣ ግን ከመኪና ሰው ጋር እንደምነጋገር ገባኝ። ቸርኬዬ የድሮ መሆኑን ሲሰማ ከነከመነዳሪው ነው ያወጣልኝ። ሁለት ብቻ ነበረው፣ ቀኑም ደህና ነው፤ በፈረንጅም በሐበሻም ቢቆጠር ያልፋል። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴ ይህን ልታነብ ትችላለች።

ሁለቱን የት ላድርጋቸው? ሰፈሩ በሙሉ "ፊት ለፊት" አለ። የማይነዳው ሳይቀር "ፊት ለፊት" አለ። በቮልስ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ነው፣ የሚገፋትም ኋላ ነው፣ የኋላ እግሮቿም ኩርባ ላይ ስትጣደፍ ወደ ውስጥ የመታጠፍ ዐመል አላቸው። ፊቷ ቢንሸራተት መሪ አለሽ፣ ፍሬን አለሽ። ኋላዋ ከለቀቀ ፊትና ኋላ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ሾፌሩም የመጣበትን መንገድ ያያል። ስለዚህ ደህናው ጎማ ኋላ ይገባል፤ ጥርሳቸው ያላለቀው የፊቶቹ እዚያው ፊት ይቆያሉ። የድሮውና ራዲያሉ ከተደባለቁ ደግሞ ራዲያሉ ኋላ ነው፣ ፊት ራዲያል ኋላ የድሮው ፈጽሞ አይሆንም።

ጎሚስታዬ መንገዱ ሲሰፋ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አሮጌ ጎማ አቁሞበት የነበረው ጥግ አሁን የብስክሌት መሄጃ ነው። ስለዚህ የማላውቀው ወጣት ዘንድ ወሰድኳት። ክሪኩን አስገብቶ ሲያነሣት እጁ ጥሩ ነው፣ አልከፋም። ከመነዳሪውንም ሳይቆነጥጥ አስገባው። ከዚያ ኮምፕረሰሩን አንደቀደቀና አራቱንም 35 ሞላቸው። ቮልሴ ጫፍ ጫፉን ቆመች።

"ልጄ፣ ፊት 18፣ ኋላ 27 ነው የምትፈልገው።"

"18? ፋዘር፣ 18 እኮ ንፋስ የለውም ማለት ነው!"

ፊቷ ባዶ ሻንጣ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከበዛ መሬት አትይዝም፤ ልዩነቱም ነው ኋላዋን የሚያረጋጋላት ብዬ ብዙ ተናገርኩ። በመጨረሻ ትከሻውን ነቅንቆ አስተነፈሰው። ሒሳብ ስጠይቀው ለመግጠም ይህን ያህል፣ ለንፋስ ይህን ያህል፣ ለማስተንፈስ ይህን ያህል አለኝ።

"ለማስተንፈስም ይከፈላል?"

"ሥራ ነዋ፣ ፋዘር።"

እንግዲያው የከፈልኩበት ንፋስ በከንቱ አይጠፋም ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩና ፊት ለፊት የተቀመጠውን ተጠባባቂ ጎማ አሳየሁት፤ እሱን 42 ሙላልኝ አልኩት። ለምን ቢለኝ የመስታወቷ ውኃ የሚረጨው በእሱ ንፋስ ነው አልኩት። ሳቀ። ጓደኞቹን ጠርቶ "ይሄ ፋዘር የሚለውን ስሙ" አላቸው። ቮልስ የውኃ መርጫ ሞተር የላትም፤ ከተጠባባቂው ጎማ በቀጭን ቱቦ የሚመጣው ንፋስ ነው ውኃውን የሚገፋው። ገብቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ውኃው መስታወቱን ዘሎ የጎሚስታውን ግንባር አገኘው።

ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እሱ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ፣ ዓይኑ ቱቦው ላይ እንደተተከለ፣ "ፋዘር፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙት" አለኝ።

ለመድገም ይከፈላል አልኩት።